ፊት የወጣው የእናቱ

መንታ ማርገዜን ከባሌ ቀድማ የሰማችው ታላቅ እህቱ ናት። ፍኖተ ሰላም ሄጄ በማሽን ሲያዩኝ አብራኝ የገባች እሷ ነበረች። ሐኪሙ «አንዱ ይኸ፣ አንዱ ያ» እያለ በጣቱ ሲያሳየን እኔ ጭጋግ የመሰለ ነገር እንጅ ምንም አላየሁም። እሷ ግን አየች። እጇን አፏ ላይ ጭና «እመቤቴ! ሁለት!» አለች፤ ዓይኗ በእንባ ሞላ። ደስ ያላት ለኔ መስሎኝ እኔም አብሬ አለቀስሁ። ወይ ሞኝነት!

ባሌን ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው የሞተችው እሱ ገና ጡት ሳይጥል ነው፤ አዝላ፣ አጉርሳ ለወግ ለማዕረግ አበቃችው። በዚህ ምክንያት ዘግይታ አገባች፤ አልወለደችም፤ ባሏ ጠብቆ ጠብቆ «መካን ናት» ብሎ ፈታት። ተመልሳ ከአባቷ ማሳ ዳር፣ ከኛ ቤት ትይዩ ጎጆ ቀልሳ ተቀመጠች። በአፌ «እታለም» ብዬ አንቱ እላታለሁ፤ በሆዴ ግን «አንች» ነበር የምላት። እዚህም እንደ ሆዴ ልጻፋት።

ነገሩ የተቆረጠው ሐምሌ ላይ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ከነፍስ አባታችን ጋር መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ ባሌ ከበሩ አጠገብ፣ እህቱ ከምሰሶው ሥር። እኔ ጓዳ ነበርሁ። አማቴ ጀመሩ። «እግዜር ላንዱ ቤት ሁለት፣ ላንዱ ቤት ባዶ አያደርግም፤ ካደረገም ሰው እንዲያቃናው ነው» አሉ። ባሌ አንገቱን ደፋ። የሱ ዝምታ እሽታ መሆኑን ከኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ባገራችን የጡት ልጅ የሚባል ወግ አለ። አሳዳጊዋ ጣቷን ማር ነክራ ሕፃኑን ታጠባዋለች፤ ከዚያ ወዲያ የጡት እናቱ እሷ ናት፤ እኔ ነኝ የወለድሁት፣ መልሱልኝ ማለት ነውር ነው። የቀረው የትኛው ለማን ይሁን የሚለው ነበር። እሱንም ቄሱ ፈረዱት። «እናት ከመረጠች እህት ትከፋለች፤ እህት ከመረጠች እናት ታዝናለች። ሰው አይምረጥ፤ እግዜር ይምረጥ። ፊት የወጣው የእናቱ፣ ኋላ የወጣው የአክስቱ ይሁን» አሉ። ሁሉም «ይሁን» አሉ።

ኧረ እኔን ማን ጠየቀኝ! የሁለት ሰው እርሻ ይመስል ሆዴን ድንበር አበጁለት። ጠላ ይዤ ስወጣ ቄሱ «የተባረክሽ ነሽ፤ ለእግዜር ብለሽ ሰጠሽ» አሉኝ። እኔ የሰጠሁት ነገር የለም። ማሰሮውን ቁጭ አድርጌ፣ ሳልቀዳላቸው ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ማታ ባሌን ያዝሁት። «ምን ላድርግ? አሳድጋኛለች» አለኝ።

«ታዲያ አንተ ሂድላታ!» አልሁት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ የኔ እናት ግን ካረፈች ቆይታለች። ያኔ ደግሞ ቤት ውስጥ መውለድ በቀበሌ ስብሰባ የሚያስወቅስ ነበር። ነሐሴ ሲገባ መንገዳችን ጭቃ ሆኖ አምቡላንስ አያስገባም። የጤና ኤክስቴንሽኗ መጥታ ሆዴን አየችና «መንታ ይዘሽ ቃሬዛ ላይ ልትወልጅ ነው? ተነሽ!» ብላ ጮኸችብኝ። እናም ቀኔ ሳይደርስ፣ ከቡሬ ወዲህ ካለ ጤና ጣቢያ፣ እርጉዞች ተኝተው ወልደው የሚሄዱበት ማቆያ ቤት ገባሁ። ማን ተከተለኝ? እሷ ናታ! ድስቷን፣ ሽሮዋን፣ ጋቢዋን ይዛ።

ማቆያው ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ክፍል ነው። ዝናቡ ሲመጣ እርስ በርስ አንሰማማም። ከየቀበሌው የመጣን ሴቶች ጎን ለጎን እንተኛለን፤ የአንድ ለአምስት ሴቶች ዱቄት አዋጥተው ያመጣሉ፤ አስታማሚዎች በውጭው ማድቤት ገንፎ ያገነፋሉ። ፍልሰታ ስለነበር ሁሉም የጾም ነው። እሷ ራሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ እኔን ከጧት ጀምሮ «ብይ፣ በማርያም፣ አንድ ጉርሻ» ትለኛለች። እግሬ አብጦ ስለነበር በሞቀ ውሃ ታሸኛለች፤ ፀጉሬን ትሠራኛለች። ሴቶቹ አማቴ መስላቸው «ታድለሽ! እንዲህ ያለች አማት የት ይገኛል» ይሉኛል። ላሚቱን ለጥጃዋ ሲል እንደሚቀልብ ሰው ነው የምትቀልበኝ ብዬ እንዴት ልንገራቸው?

ሁለቱ ልጆች ጠባያቸው ለየቅል ነበር። አንዱ ከጎድን አጥንቴ ሥር ገብቶ ሲራገጥ ውሎ ያድራል፤ ሌላው ከታች ረጋ ብሎ አልፎ አልፎ ብቻ ይገላበጣል። አዋላጇ «የታችኛው በሩ ላይ ነው፤ ፊት የሚወጣው እሱ ነው» ካለችን ጀምሮ እህቱ እጇን የምታሳርፈው ከላይ ሆነ። «የኔ» አትልም፤ እጇ ግን ይላል። እኔም ለታችኛው ብቻ ማውራት ጀመርሁ። ዝናቡን እነግረዋለሁ፤ አባቱ ዝምተኛ መሆኑን፣ በርበሬያችን ዘንድሮ ማማሩን እነግረዋለሁ። ላይኛው ሲራገጥ «ተው» እለውና ዝም። ልለምደው አልፈለግሁም። ሰው የማይቀርለትን ለምን ይለምዳል?

አንድ ጧት አዋላጇ ማዳመጫዋን ከሆዴ ታች አሳርፋ ቆየች። አነሣችው፤ ሌላ ቦታ አሳረፈችው። ገጿን አየሁት። «ትናንት ተንቀሳቅሷል?» አለችኝ። አሰብሁ። ከትናንት ወዲያም ማሰብ ነበረብኝ። እህቱ ያን ዕለት ሽሮ ልታመጣ አገር ቤት ሄዳ ስለነበር፣ አምቡላንስ ጠርተው ብቻዬን ወደ ፍኖተ ሰላም ላኩኝ።

ሐኪሙ ብዙ ሳያወራ ነገረኝ። የታችኛው ልቡ ቆሟል። የላይኛው ደህና ነው፤ ግን ገና ትንሽ መፋፋት አለበት፤ አሁን ቢነካካ እሱም ያሰጋል። ምጡ እስኪመጣ ሁለቱንም ይዤ መቆየት አለብኝ።

«ፊት የሚወጣው የትኛው ነው?» አልሁት።

ግራ ገብቶት አየኝ። «አሁን እሱ ምን ያደርግልሻል?»

«ይንገሩኝ!»

«በሩ ላይ ያለው ነዋ» አለኝ።

እንግዲህ የኔው ሞተ፤ የእሷው አለ። እንዲህ ነበር ያሰብሁት፤ ሌላ ማሰቢያ አልነበረኝም። ሁለት አርግዤ፣ ወልጄ፣ ባዶ እጄን ወደ ቤቴ ልገባ ነው። ስመለስ እህቱ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ደህና ናቸው?» አለች። «ደህና ናቸው» አልሁ። ከነገርኋት ልጁን እዚያው ከሆዴ የምታወጣው ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ክፉ ነበር። አጠገቤ ያሉት ሴቶች ተራ በተራ ይወልዳሉ፤ እልል ይባላል፤ አንሶላቸው ተቀይሮ ሌላ ትመጣለች። እኔ በጎኔ ስዞር ታችኛው እንደ ድንጋይ ወደ ዞርሁበት ይንከባለላል። ላይኛው ይራገጣል። ያልለመድሁት እሱ ብቻ ቀረልኝ፤ እሱም የኔ አይደለም። «እመቤቴ፣ አገላብጭልኝ» እያልሁ እለምን ነበር። ሞቶስ ቢሆን ኋላ ይውጣልኝ። በልጄ ሬሳ ላይ ተራ መለመኔ ራሴን አስጠላኝ፤ ግን ለመንሁ።

አንድ ቀን እግሬን አሽታ ስትጨርስ እንደ ልማዷ እጇን ከላይ አሳረፈች። ልጁ ረገጣት። ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታ መቻል አቃተኝ። እጇን በጥፊ መትቼ ወረወርሁት።

«አይንኩኝ! የኔው ሞቷል! የርስዎ ደህና ነው! ሌላ ምን ቀረዎት?»

አዋላጇ ጩኸቴን ሰምታ ገባች። እሷ «እ?» አለች፤ አዋላጇን አየች፤ አዋላጇ አቀረቀረች። ተነሥታ ወጣች። ከቤቱ ክፈፍ ሥር፣ ዝናቡ እየረጫት፣ ጀርባዋን ሰጥታን ብዙ ቆመች። ስትመለስ ነጠላዋ ርሷል፤ እሳቱን ቆስቁሳ ገንፎውን አገነፋች። ከዚያ ቀን ወዲህ እጇን ሆዴ ላይ አላሳረፈችም። ደስታዋን መደበቋ ነው ብዬ የባሰ ጠላኋት።

ምጡ የመጣው ከፍልሰታ ፍች በኋላ ነው፤ ፀሐይ ያለበት ቀን። ፍኖተ ሰላም አደረሱን። እሷ ክንዴን ይዛ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። ፊት የወጣው ወንድ ነው። የፍኖተ ሰላሟ አዋላጅ በጨርቅ ሸፍና ከጎን አስቀመጠችው። ትንሽ ቆይቶ ሴቷ መጣች፤ ገና ሳትወጣ የምትጮህ፣ ቀይ፣ ቁጡ። እሷን ደረቴ ላይ ሲያስተኙልኝ ፊቴን አዞርሁ። ለምን ልያት? የሌላ ሰው ልጅ ናት።

ባሌና አማቴ በማግሥቱ ደረሱ። ባሌ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። አማቴ ዱላቸውን ተደግፈው ሕፃኗን አዩ፤ በጨርቅ የተጠቀለለውንም አዩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ልባቸው እንደ ተነካ ያስታውቃል። ግን ቃል ቃል ነው። «የሞተው የትኛው ነው? ፊት የወጣው ነው፣ ኋላ የወጣው?» አሉ።

ልመልስ አፌን ከፈትሁ።

«ኋላ የወጣው ነው» አለች እህቱ። «የሞተው የኔ ነው።»

ዞሬ አየኋት። እሷ አላየችኝም። ጋቢው ሥር ክንዴን ጨብጣ ይዛኝ ነበር፤ አጨባበጧ ያሳምም ነበር። አማቴ «የእግዜር ሥራ ነው፤ ምን ይደረጋል» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ ተነሣች፤ ነጠላዋን አወለቀች፤ የሞተውን ልጄን ጠቅልላ በደረቷ አቅፋ ወጣች። ፊቱን አላየሁትም ነበር። አሳዪኝ ለማለት እንኳ አልቻልሁም፤ የሷ ሆኗላ!

ያልተጠመቀ ሕፃን ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር አይገባምና ከጓሮዋ ቀበረችው። እኔ አራስ ስለሆንሁ ከቤት አልወጣም። ጎረቤቱ ሁሉ እልል እያለ ገባ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ተባልሁ፤ ገንፎው ተበላ። ጡቴ የመጣው ግን ለሁለት ነበር። አንዷን አጥብቼ ሌላው ሲፈስ አለቅሳለሁ። ሳለቅስ ሴቶቹ ይቆጡኛል። «ተይ አንች! ያንችማ በእቅፍሽ አለች። እሷ ምን ትበል? ስንት ዘመን ጠብቃ፣ አንድ አገኘሁ ስትል!» ይሉኛል። ለእሷ እያዘኑ ወደ ጎጆዋ ይሻገራሉ። ከቤቴ ሆኜ ሲገቡ አያቸዋለሁ። ባሌ እንኳ «እህቴን አያችሁልኝ?» ነበር የሚላቸው። እውነቱን ያወቀ አይመስለኝም፤ ካወቀም ዝም ማለት ያውቅበታል።

እሷ አንድ ቀን እንኳ አልመጣችም። እኔም አልላክሁባትም። ምን ብዬ ልላክባት? ልጄን ሰጠችኝ። ልጄን ደግሞ ወሰደችብኝ፤ ከነለቅሶው ወሰደችብኝ። የምወዳት ሰዓት ነበር፤ ብነክሳት ደስ የሚለኝ ሰዓትም ነበር፤ ሁለቱም ባንድ ቀን ይመጡብኛል።

የልጅቷ ክርስትና ኅዳር ላይ ነበር። ድንኳኑ ሞልቷል። እሷ ጥቁር ለብሳ መጣች፤ ከሴቶቹ ጀርባ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። የቀረበላትን አልነካችም። ጎረቤቶቼ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። «ምነው አንች፣ ዝም ትያታለሽ? አጽናኛት እንጅ!»

ልጄን ታቅፌ ሄድሁ። ሰው ሁሉ ያየናል። ፊቷ ከስቷል፤ ዓይኖቿ ልጅቷ ላይ አረፉና ቶሎ ተነሡ። ጎንበስ ብዬ ለሐዘንተኛ የሚባለውን አልኋት። «እግዜር ያጥናዎት፣ እታለም» አልሁ።

አንገቴን ይዛ ወደ ታች ሳበችኝ፤ ጉንጯን ከጉንጬ አስጠግታ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ በጆሮዬ፣ «አንችንም ያጥናሽ» አለችኝ።

እዚያው ሰው መሃል፣ ልጅቷን እንደታቀፍሁ እግሯ ሥር ተቀምጬ፣ ድምፄን ለቅቄ አለቀስሁ። ሴቶቹ ተሰበሰቡብን፤ ጀርባዬን መታ መታ እያደረጉ «ጎሽ፣ አልቅሽላት» አሉኝ።