ወረቀቱ የተላጠ ብልቃጥ

በፋብሪካው ሰው ሁሉ ንስር ይላታል፤ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ከአኩሪ አተር የሚሠራው እርጎ በብልቃጥ ተሞልቶ፣ ወረቀት ተለጥፎበት በተንቀሳቃሹ ቀበቶ ላይ ሲያልፍ፣ ወረቀቱ የተንጋደደውን ለቅማ ታወጣለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሥራዋ ይኸው ነው። ጓደኞቿ "ባልሽንም የተውሽው ተንጋዶብሽ ነው" ይሏታል፤ እሷም "እሱማ መጀመሪያውኑ አልተለጠፈም" ትላለች።

የተንጋደዱት ለሠራተኛ ይታደላሉ። ተመልሰው ሱቅ እንዳይገቡ ግን መውጫው በር ላይ ወረቀታቸው ይላጣል። ከወረቀቱ ጋር የምርት ቁጥሩም አብሮ ይሄዳል። ይህን ልብ ያለው ሰው አልነበረም፤ የነፃ ዕቃ ቁጥሩን ማን ይጠይቃል?

ንስር ድርሻዋን የምትወስደው ለታናሽ እህቷ ነው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት እሷ ናት። ታናሽየዋ ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባት ሦስተኛው ሰባት ወር ደርሶላታል። ከፀነሰች ጀምሮ ሥጋና ወተት ገና ሲሸታት ያስመልሳታል፤ የተስማማት ያ እርጎ ብቻ ነው። "ልጄን ያሳደገው ያንቺ ፋብሪካ ነው" ትላለች ሆዷን እየዳበሰች። ንስርም ትኮራለች፤ ለምን አትኮራ?

አንድ ሐሙስ ጠዋት ቀበቶው ቆመ። ተቆጣጣሪው ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ አተሩ በሚዘፈዘፍበት ገንዳ ውስጥ ጀርም መገኘቱን፣ ከቁጥር አርባ አንድ እስከ አርባ ስድስት ያለው ምርት ከየሱቁ እንደሚሰበሰብ ነገራቸው።

"ጤነኛውን ቢበዛ ሆዱን ይቆርጠው ይሆናል። እርጉዝ ግን እንዳትነካው። ቤታችሁ ያለውን ቁጥሩን እያያችሁ መልሱ።"

"የኛማ ቁጥር የት አለው? ላጥነው እኮ!" አለች አንዷ ብልቃጥ አጣቢ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ንስር አልሳቀችም።

ወዲያው መደወል ነበረባት። አልደወለችም። የኛው የሌላ ቀን ምርት ይሆናል፤ ደግሞስ እስካሁን በልታ ጨርሳው ይሆናል፤ በከንቱ ለምን ላስደንግጣት? አለች ለራሷ። ሰው ራሱን ሲያታልል ምስክር አያጣም።

ቅዳሜ እህቷ ራሷ ደወለች።

"እትዬ፣ ያተኩሰኛል። ወገቤንም ያመኛል። ትናንት የመጨረሻዋን ብልቃጥ ጨርሼ ነበር፤ እሷም አልተስማማችኝም መሰለኝ።"

ሆስፒታል እንደደረሱ ንስር ሐኪሙን ለብቻው ጠርታ ሁሉን ነገረችው። መድኃኒት ተሰጠ። ማክሰኞ የሕፃኑ የልብ ምት ጠፋ። ጥፋቱ የዓርቡ ብልቃጥ ይሁን ከዚያ በፊት የተበላው ማንም ሊያውቅ አልቻለም። ቁጥሩ ተልጦ ተጥሏል። ንስር አላለቀሰችም፤ ደንዝዛ ነበር። ሰው ሲያናግራት አንገቷን ትነቀንቃለች፣ ብዪ ሲሏት ትበላለች። ደግ እጅ አመድ አፋሽ ነው ይባላል፤ የሷ እጅ አመድ ቢያፍስ ምንኛ በወደደች።

እህቷ ከሆስፒታል በወጣች በሳምንቱ ልትጠይቃት ሄደች። ታናሽየዋ ባዶዎቹን ብልቃጦች አጥባ መስኮቱ ሥር ደርድራቸዋለች።

"እትዬ፣ ምንም አልበላ አለኝ። ያ እርጎ ቢኖር እቀምስ ነበር። አታመጪልኝም?"

ንስር ብልቃጦቹን አየች። አንዱ ላይ በደንብ ያልተላጠ ቁራጭ ወረቀት ተጣብቋል፤ ቁጥር የለበትም።

"እሱ ነው" አለች። "ልጁን የጎዳው እሱ ነው። ሐሙስ ሰምቼ እስከ ቅዳሜ ዝም አልኩሽ።" የራሷ ድምፅ የሌላ ሰው መሰላት።

ታናሽየዋ አልጮኸችም።

"አውቃለሁ። ሐኪሙ ነግሮኛል። ካንቺ አፍ እስክሰማው ነበር የምጠብቀው።"

ተነሥታ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ፌስታል ውስጥ ከተተችና በሩ ድረስ ሸኘቻት። ንስር ፌስታሉን ተቀበለች።

"ከእንግዲህ ልምጣ?"

ታናሽየዋ የበሩን እጀታ እንደያዘች መሬት መሬት ታይ ነበር።

"ነይ" አለች በመጨረሻ። "ባዶ እጅሽን ነይ።"