የፒራሚዱ ገጽ

ከልብስ ሣጥኔ ግርጌ በነጠላ ቁራጭ የጠቀለልኳት አንዲት የደብተር ገጽ አለችኝ። የጻፏት አባቴ ናቸው። ፊደሉ እንደ ብራና ጽሑፍ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ ቀለሙ ጥቁር ሆኖ አንዲት ቃል ብቻ በቀይ ተጽፋባታለች። ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ስልኩን ይዞ መጣና፣ የግብጽን ፒራሚዶች የሠሩት ሰዎች መቃብር፣ ዳቦ የጋገሩበት ቤት ሳይቀር ከአሸዋ ሥር መውጣቱን አሳየኝ። «እማማ፣ ባሮች አልነበሩም እኮ!» አለኝ፣ አዲስ ነገር የነገረኝ መስሎት። እኔ ግን ይህን የሰማሁት በንጉሡ ጊዜ፣ ቢቸና፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ሰምቼ ዝም ብል ኖሮ ያ ሁሉ ጭንቅ ባልመጣ።

ያን ጊዜ በክፍላችን ሴቶቹ ሦስት ብቻ ነበርን። እኩዮቼ አብዛኞቹ ተድረዋል። እኔ የተረፍኩት በአባቴ ነው። አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ ደጃፋችን ካለችው ጎጆ ተቀምጠው በመቃ ብዕር ብራና ላይ ሲጽፉ ይውላሉ። ቤታችን ሁልጊዜ የፍየል ቆዳና የቀለም ሽታ አይለየውም ነበር። ጥቁሩን ቀለም እኔ እንድበጠብጥ ይፈቅዱልኛል፤ ቀዩን ግን ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካውም። በቀይ የሚጻፈው የፈጣሪ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ነውና። የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ብሬ፣ የጁቤ ከተማ ላለ ለአንድ ባለጸጋ ልጅ ሊድረኝ ሽማግሌ አስልኮ ነበር። አባቴ «ስድስተኛን ትጨርስ፣ ከዚያ እናያለን» ብለው መለሷቸው። ለእኔ ደግሞ ለብቻዬ አንድ ነገር አስረግጠው ነገሩኝ፤ ትምህርት ቤቱ ሃይማኖቴን የሚነካ ነገር ያስተማረኝ ቀን ትምህርቴ እዚያው ላይ ያበቃል።

የታሪክ መምህራችን፣ መምህር ሰይድ፣ የሞጣ ነጋዴዎች ልጅ ነበሩ። አዲስ አበባ ተምረው ወደ ቢቸና ከመጡ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ቀጭን፣ ረዥም፣ ጠመኔ ከጣታቸው የማይለይ ሰው ናቸው። ዱላ አይወዱም፤ ለዚህም ነው መሰለኝ በእሳቸው ክፍለ ጊዜ ጸጥ የምንለው። አንድ ሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ትልቅ ሦስት ማዕዘን ሳሉና «ይህን ማን ሠራው?» አሉን። ሁላችንም በአንድ አፍ «እስራኤላውያን! ፈርዖን በባርነት ይዟቸው!» ብለን ጮኽን። ማን እንዳስተማረን አናውቅም፤ ስንሰማው ያደግነው ነገር ነው። መምህር ሰይድ አልተቆጡም። «ደብተራችሁን ያዙና ተነሡ» ብለው ወደ ውጭ ይዘውን ወጡ።

የወሰዱን ወደ ደብራችን ነው። በክረምቱ ዝናብ የደብሩ የድንጋይ ቅጽር ግማሹ ተንዶ ነበርና፣ አዝመራው ከተሰበሰበ ጀምሮ አጥቢያው በተራ እየገነባው ነበር። እያንዳንዱ ጎጥ የራሱ ቀን አለው። የወንዝ ማዶዎች ተራቸውን ሲጨርሱ የላይ ሰፈሮች ይገባሉ። የሥራው አለቃ አያ ደሴ የሚባሉ ግንብ አዋቂ ገበሬ ነበሩ። ማን መቼ እንደሚመጣ፣ የማን ቤት ጠላ እንደሚጠምቅ፣ የማን ቤት ዳቦ እንደሚደፋ፣ የታመመውን ማን እንደሚተካው ሁሉን በቃላቸው ይዘውታል። እኛ ስንደርስ ሠራተኞቹ ጥጃ የሚያህል ድንጋይ በቆዳ መጫኛ አስረው፣ ከሥሩ ድቡልቡል ግንድ እየደለደሉ ዳገቱን ሲያወጡት ነበር። አንዱ ዜማ ያወርዳል፤ ሌሎቹ ሲቀበሉ ሁሉም አንድ ላይ ይስባሉ፤ ድንጋዩ አንድ ክንድ ያህል ይሄዳል። የላባቸውና የረጠበው ቆዳ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። መሐል ላይ አንዱ ግንድ ከቦታው ሸሸና ድንጋዩ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። አያ ደሴ «ልቀቅ!» ብለው ሲጮሁ ሰው ሁሉ መጫኛውን ጥሎ ወደ ጎን ዘለለ። ድንጋዩ ቁልቁል ሄዶ አንድ ጉቶ ላይ ቆመ። የተጎዳ ሰው አልነበረም። አያ ደሴ አንድ በአንድ ቆጠሯቸውና እንደገና ከታች ጀመሩት።

መምህር ሰይድ እዚያው ድንጋይ ላይ አስቀምጠውን ነገሩን። የጥንቱን ነገር የመረመሩ ሰዎች እንደሚሉት ፒራሚዶቹን የሠሩት በብዛት የአገሩ ገበሬዎች ናቸው አሉ። የእኛው ዓባይ በክረምት ሞልቶ እዚያ ሲደርስ ማሳቸውን ይውጠዋል፤ የሚታረስ መሬት አይኖርም። ያን ጊዜ ንጉሡ ከየመንደሩ በተራ ይጠራቸዋል። እምቢ ማለት አይቻልም፤ «ደስ ብሏቸው እየሣቁ ሄዱ አልላችሁም» አሉን። ግን ዳቦና ጠላ ከንጉሡ ጎተራ ይሰፈርላቸዋል፤ በቡድን በቡድን ይከፈላሉ፤ ቡድኑ አለቃም ስምም አለው፤ ተራው ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንደኛው ቡድን «የንጉሡ ወዳጆች» ይባል ነበር። የቡድኖቹ ስም ማንም በማያየው ቦታ፣ በውስጠኛው ድንጋይ ላይ፣ በቀይ ቀለም ተጽፎ ተገኝቷል። ይህን ሁሉ ጉልበቴ ላይ ደብተሬን ዘርግቼ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ የራሴን አንድ መስመር ጨመርኩ፤ «የሠሩት እንደ እኛ ያሉ ገበሬዎች ነበሩ።»

ምሳ ሰዓት እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። አባቴና አጎቴ ብሬ ገበታ ላይ ነበሩ። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ «አባባ፣ እስካሁን ተሳስተን ነበር! ፒራሚዱን እስራኤላውያን አልሠሩትም!» አልኩ። አጎቴ የጎረሰውን ሳይውጥ «ማን አለ?» አለኝ። ነገርኩት። እጁን ከገበታው ሰበሰበና ወደ አባቴ ዞረ። «አዩ መሪጌታ? እስላሙ ለልጅዎ የሙሴ መጽሐፍ ውሸት ነው ብሎ እያስተማረልዎት ነው። እኔ ደግሞ ትዳር ትያዝ ስል ጠላት ሆኛለሁ።» አባቴ ተነሥተው ወደ ጎጇቸው ሄዱ። ቆየት ብዬ ባጮልቅ ብዕራቸውን እንደያዙ ብራናው ላይ ምንም ሳይጽፉ ተቀምጠዋል።

ወሬው በሳምንቱ ውስጥ እግር አወጣ። ረቡዕ ላይ «ሙሴ የሚባል የለም ብሏል» ተባለ። ሐሙስ «የደብሩን ሠራተኛ የፈርዖን ሎሌ ብሎ ሰድቧል» ተባለ። ዓርብ ጠዋት ዲሬክተሩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆች እንዲሰበሰቡና የእኔ ደብተር ለማስረጃ እንዲቀርብ አዘዙ። መምህር ሰይድ ያን ቀንም እንደ ወትሯቸው አስተማሩን፤ ግን ጠመኔው ሁለት ጊዜ ከእጃቸው ወደቀ። እኔ ነገሩን በልጅ ጭንቅላቴ አወጣሁ አወረድኩ። ገጹ ከሌለ ማስረጃም የለም፤ ማስረጃ ከሌለ መምህሬም አይባረሩም፣ እኔም የጁቤ አልሄድም። ገጹን ቀደድኩና አጣጥፌ ወደ ቅጽሩ ሄድኩ። ግንበኞቹ ዞር ሲሉ በድንጋዮቹ መሐል ገና ባልተመረገ ክፍተት ውስጥ ወሸቅኩት። ጥቂት ቆይቶ አያ ደሴ ጭቃ ለጥፈው ሌላ ድንጋይ ሲያስቀምጡበት ቆሜ አየሁ። እፎይ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እሑድ ትልልቆቹ ሰዎች የእኛ የተማሪዎች ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ደርሶ ተቀምጠው ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። መምህር ሰይድ ለብቻቸው ሰሌዳው አጠገብ ቆመዋል። አባቴ በጨርቅ የተጠቀለለውን ትልቁን የኦሪት ብራና ታቅፈው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ቅዱስ መጽሐፍ ምን እንደሚል እንዲያነቡ የተጠሩት እሳቸው ናቸው። ዲሬክተሩ ደብተሬን ገለጡ። ከዚያ የተቀደደውን ቦታ ከፍ አድርገው ለሰው ሁሉ አሳዩ።

አጎቴ ብድግ አለ። «አያችሁ! ጥፋቱን ስለሚያውቅ ልጂቱን አስቀድዶ አጠፋው!» ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ ከኋላ «ዛሬውኑ ከአገር ይውጣልን!» ብሎ ጮኸ። መምህር ሰይድ ቀና ብለው አዩኝ። ማን እንደቀደደው ገብቷቸዋል። አንድ ቃል ቢናገሩ ከነገሩ መውጣት ይችሉ ነበር፤ አልተናገሩም። እኔም አልተናገርኩም። ያን ዝምታዬን እስከዛሬ ሳስበው ያመኛል።

አባቴ ሳይዞሩ «አንጓች» አሉኝ። «ማን ነው የቀደደው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም አላዘዘኝም። እንዳያባርሯቸው ብዬ ነው።»

«እንግዲያው የነበረበትን በይ።»

ሁሉንም አልኩት፤ ዓባይን፣ ተራውን፣ ዳቦና ጠላውን፣ የቡድኖቹን ስም። የመጨረሻዋን መስመርም «ይቺ የራሴ ናት» ብዬ ጨመርኩ።

አባቴ ብራናውን ፈቱ። ከቢቸና እስከ መርጡለ ማርያም ድረስ ያን መጽሐፍ እንደ እሳቸው የሚያውቅ የለም ይባል ነበር፤ ያን ብራና የገለበጡትም ራሳቸው ናቸው። ቆመው በግእዝ ያነቡ ጀመር፤ ሰውም ተነሣ። አንድ ቅጠል ገለጡ። ሌላ ገለጡ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሱና ያንኑ ደግመው አነበቡ። ጣታቸው መስመሩ ላይ እንደቆመ ይታየኛል። አባቴ ሲሳሳቱ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ጭቃ ይላል» አሉ በመጨረሻ። «ጡብ ይላል። ጭድ ይላል። ለፈርዖን ከተሞችን ሠሩ ይላል። መከራቸውን አንድ ሳያስቀር ይናገራል። ይህን የድንጋይ ክምር ሠሩ ግን አይልም።»

«ሰው ሁሉ የሚያውቀውን?» አለ አጎቴ።

«እኔም አውቃለሁ እል ነበር፣ ብሬ። በገዛ እጄ ጽፌው እንኳ አለ እያልኩ ስናገር ኖርኩ። የለም። የሌለውን አለ ብዬ ሰው አላስባርርም።»

መምህር ሰይድ ያን ጊዜ ነው አፋቸውን የከፈቱት። «ሙሴ የእኛም ነቢይ ናቸው፣ እሳቸውን የሚነካ ቃል ከአፌ አይወጣም» አሉ። አያ ደሴ ከጥግ ሆነው እጃቸውን አወጡ።

«እኔ ሥራውን ልጠይቅ። ቀለብ ይሰፈርላቸው ነበር?»

«ይሰፈርላቸው ነበር» አሉ መምህር ሰይድ።

«ተራስ ነበራቸው? ለዘር ይደርሳሉ?»

«ውሃው ሲሸሽ ወደ እርሻቸው ይመለሱ ነበር ይባላል።»

አያ ደሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያማ ይህ መምህር ምን አጠፋ? የተራበ ሰው አንድ ድንጋይ ይጎትትልህ ይሆናል፤ ተራራ ግን አይሠራልህም።»

አባቴ ብራናውን እየጠቀለሉ ወደ መምህር ሰይድ ዞሩ። «ስማቸው በምን ቀለም ተጻፈ አሉ?»

«በቀይ፣ መሪጌታ።»

«በቀይ» አሉ አባቴ ለራሳቸው።

መምህር ሰይድ አልተባረሩም። ዓመቱን ጨርሰው ወደ ሞጣ ተዛወሩ፤ ከዚያ በኋላ አላገኘኋቸውም። አጎቴ እስከ ፋሲካ ቤታችንን አልረገጠም። መጽሐፍ ሊያስጽፉ ቃል የገቡ ሰዎችም ወደ ሌላ ጸሐፊ ሄዱ፤ አባቴ ያን በጋ ብዙ ቀን ያለ ሥራ ተቀመጡ። አንድም ቀን በእኔ አላማረሩም።

ያን እሑድ ቤት እንደገባን ከደብተሬ ያልተጻፈበት ገጽ አስወጥተው፣ መቃ ብዕራቸውን ነክረው፣ «በይ ንገሪኝ» አሉኝ። እኔ እየነገርኳቸው የመምህር ሰይድን ትምህርት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፉት። የእኔ መስመር ላይ ሲደርሱ ጥቁሩን ብዕር አስቀመጡና ቀዩን አነሡ። «ገበሬዎች» የምትለዋን ቃል በቀይ ጻፏት። ደንግጬ «አባባ፣ ይህ እኮ የቅዱስ ስም አይደለም» አልኳቸው። «ሠሪዎቹ ራሳቸው ስማቸውን በቀይ ጽፈውት የለም እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ገጹን እየሰጡኝ «ሁለተኛ እንዳትቀጂ» አሉ። የጁቤ የሚባል ነገር ከዚያ ቀን በኋላ አልተነሣም።

እኔም ታሪክ አስተማሪ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። ዓምና ቢቸና ሄጄ ነበር። የድሮው ቅጽር ፈርሶ በብሎኬት ተሠርቷል፤ በሩ ላይ ገንዘብ የሰጡት ሰዎች ስም በእብነ በረድ ተቀርጾ ተሰቅሏል። እሰየው፣ ያማረ ሥራ ነው። አሮጌውን ያፈረሱትን ልጆች ከድንጋዩ መሐል ወረቀት አግኝታችሁ እንደሆነ ብዬ ብጠይቃቸው ሣቁብኝ። አያ ደሴን የሚያውቅ አንድም ሰው አላገኘሁም።

የልጅ ልጄ የአባቴን ገጽ ሳሳየውና የቅጽሩን ነገር ስነግረው ስልኩን አስቀምጦ ቀስ ብሎ አነበበው። ከዚያ «ያንን የእናንተን ግንብስ እነማን ነበሩ የሠሩት?» አለኝ። ገጹን ተቀብዬ አየሁት። አባቴ ግማሹን ባዶ ትተውታል።

«ሂድና ቀይ እስክሪብቶ አምጣልኝ» አልኩት።