በቀኝ ተመላላሹ ላይ የገጠምኳት ግጥም

በሕይወቴ ብዙ ነገር ዝም ብዬ አሳልፌያለሁ። ታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። መንግሥት ሲለወጥ መጽሐፉ ይለወጣል፤ አምና ጀግና ብዬ ያስተማርኩትን ሰው ዘንድሮ በሌላ ስም እንድጠራው ስታዘዝ የታዘዝኩትን ሰሌዳው ላይ ጽፌ፣ የጠመኔውን ብናኝ ከእጄ አራግፌ እወጣ ነበር። ዝምታው መጀመሪያ ጥንቃቄ ነበር፤ ቆይቶ ጠባይ ሆነ፤ በመጨረሻ ሰዎች ጥበብ ነው ብለው አከበሩልኝ። ስለዚህ ከአፌ ያመለጡ ሁለት ስንኞች አንድን ልጅ ከእንጀራው ሊያፈናቅሉ ምንም አልቀራቸውም ነበር ብዬ ስናገር የሚያምነኝ ሰው ባጣ አይገርመኝም። ደግሞም ያላመነኝ ሰው አለ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው መርሳ ነው። መንገዱ ክፍት በሆነበት፣ የእግር ኳስ ክለባችንም በሜዳው በሚጫወትበት እሑድ ሁሉ በሚኒባስ ወደ ወልድያ እወጣለሁ። ስታዲየሙ ውስጥ የታወቀች ቦታ አለችኝ፤ ጋዜጣ አንጥፌ እቀመጥባታለሁ። ኳስ የወደድኩት በስተርጅና ነው፤ በወረቀት ላይ ካሳለፍኩት ዕድሜ በኋላ ውጤቱ በዕለቱ የሚታወቅ ነገር ማየት ደስ አሰኘኝ። የሚያንገሸግሸኝ ደጋፊው ነው።

የክለባችን ደጋፊ ተጫዋቹን የሚወደው የቅርብ ዘመድ እንደሚወድ ነው፤ ይኸውም የመስደብ መብት የእኔ ነው ብሎ። በአሥረኛው ደቂቃ «ይሄንን ደግሞ ማን አመጣብን?» ያለው ሰው፣ ልጁ በሰባኛው ደቂቃ ጎል ሲያገባ «እኔ ድሮም ብያችሁ ነበር!» ብሎ ያቅፈኛል። ድሮ ምን እንዳለ የሰማሁት እኔ አጠገቡ ነኝ፤ ግን ማንም አይጠይቀኝም። ዳኛው ገና ፊሽካውን አፉ ላይ ሳያደርግ «ተገዝቷል» ይላሉ። ከኋላዬ የሚቀመጠው የለውዙን ልጣጭ ኮሌታዬ ውስጥ ያራግፋል። ስንሸነፍ ተጫዋቾቹ «እነሱ» ይባላሉ፤ ስናሸንፍ «እኛ» እንሆናለን። ይህን ሁሉ ለዓመታት አየሁ፤ አንድም ቀን አልተናገርኩም።

ከሁሉም የባሰው ከጎኔ የሚቀመጠው መካኒክ ነው። ወልድያ ውስጥ ጋራዥ አለው፤ ለእሑድ የሚለብሰው ማሊያ እንኳ የግሪስ ሽታ አለው። የደጋፊው አስጨፋሪ እሱ ነው። ከበሮው ሲመታ እሱ ግጥም ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበለዋል። በእኛ አገር ግጥም ያልወጣለት ነገር እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል። ለሰርጉ፣ ለለቅሶው፣ ለአጨዳው የሚገጥም ሕዝብ ለኳስ ጊዜ ዝም ይላል ማለት ዘበት ነው። አንዴ ሰው ላይ የወጣች ግጥም ደግሞ እንደ ቅጽል ስም ነች፤ ተሸካሚዋ ቢሞት እንኳ እሷ አትሞትም። የመካኒኩ ችግር ድምፅ እንጂ ስንኝ የሌለው መሆኑ ነው። የሚያወጣቸው ግጥሞች እንደ ተበላ ማርሽ እየተንገጫገጩ አንድም ቀን ቤት አይመቱም። ይህም ያናድደኝ ነበር፤ ከስድቡ ይልቅ የስድቡ አገጣጠም ያናድደኝ ነበር ማለቴ ነው።

ቀኝ ተመላላሻችን መርሳ አካባቢ ያለችው የግራና ልጅ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሩጫ የማያደክመው ነው፤ ነገር ግን ኳስ እግሩ ላይ በደረሰች ቁጥር ወደ በረኛው የመመለስ ልማድ አለበት። አንድ እሑድ እንዲሁ የመለሳት ኳስ ከበረኛው ሳትደርስ ቀረች፤ የእንግዳው ቡድን አጥቂ ቀደማትና አገባት። መካኒኩ ተነሥቶ «ይሄ ልጅ ወደፊት የሚሄድ ማርሽ የለውም እንዴ!» ብሎ ጮኸ። እኔ አልጮህኩም። ለራሴ፣ ከጥርሴ ሳይወጣ እንዲህ አልኩ፦

ፊት ለፊቱ ሜዳ ተዘርግቶ ሳለ፣
ኳሷን ይመልሳል እናቴን እያለ።

መካኒኩ ዞር አለ። የታመመ ሞተር ከሩቅ የሚለይ ጆሮ ነው ያለው።

«ምን አሉ ጋሼ?»

«ምንም።»

«ኧረ አንድ ነገር ብለዋል!»

«ምንም አላልኩም» አልኩት፤ መነጽሬንም አውልቄ መጥረግ ጀመርኩ።

ጥቂት ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ከዚያ ወደ ከበሮ መቺው ዞረ። በሚቀጥለው ጊዜ ልጁ ኳስ ሲይዝ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ድምፅ «እናቴን እያለ» አለ። እዚህ ላይ እውነቱን መጻፍ አለብኝ፦ ደስ አለኝ። ስንኜ ከዳር እስከ ዳር ቤት መትቶ ሲመለስ ስሰማ፣ ከማስተማሪያ መጽሐፍ ውጭ የጻፍኩትን አንድ ሰው ደጋግሞ ያነበበልኝ ያህል ደስ አለኝ። ልጁ አንገቱን ሲደፋ አየሁት፤ ግን የሰማሁት ዜማውን ነበር።

ግጥሟ በሳምንት ውስጥ ከእኔ ቀድማ መርሳ ገባች። ባጃጅ ወደ ኋላ ሲመለስ ይዘፍኗታል። የሚኒባስ ረዳት ተሳፋሪ ወደ ኋላ ወንበር ሲያስጠጋ ይዘፍናታል። በመንገዴ መሐል፣ ሲሪንቃ ላይ፣ ለሻይ በወረድኩበት ቤት አስተናጋጁ የተመለሰ ብርጭቆ ይዞ እየሄደ ሲያንጎራጉራት ሰምቼ ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

መርሳ ገበያ ለዓመታት ማንጎና ብርቱካን የምገዛት ሴት አለች። ከግራና ጭና ነው የምትመጣው። እኔ ሰውን ስለ ልጆቹ አልጠይቅም፤ እንዳልጠየቅ ብዬ ነው። ስለዚህ ስለ እሷ የማውቀው ማንጎዋ እንደማያታልል ብቻ ነበር። ያን ሰሞን በገበያ ቀን ብሄድ ፊቷ ጠቁሯል። አንድ ተሸካሚ ጆንያውን እንዳዘለ በአጠገባችን ሲያልፍ «ኳሷን ይመልሳል» ብሎ ጀመረና ወደ እሷ ዞሮ «እናቴን እያለ!» ብሎ ጨረሰ። የበሰበሰ ብርቱካን አንሥታ ወረወረችበት። ብርቱካኑ ሳተው፤ ልጁም ሳቀባት።

«ምንድን ነው?» አልኳት፤ እየገባኝ።

«ያ የሚዘፈንበት ልጄ ነው፣ የኔ አባት» አለች። «ወላሂ ከቤት መውጣት አቅቶኛል። እሱም ታኬታውን ጠቅልሎ ሰቅሎታል። ማሊያቸውን ልመልስላቸው፣ ከእንግዲህ አልጫወትም ይላል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ሥራ አያውቅ፣ ምን ሊሆን ነው? አንቱ የተማሩ ሰው ነዎት፤ እስቲ እንዲህ ያለውን የሚገጥም ምን ዓይነት ሰው ነው? እናት አልወለደችውም?»

«ሥራ ፈት ይሆናል» አልኩ። ማንጎዬን ይዤ ሄድኩ። ቤቴ ስደርስ አስቀመጥኩት፤ መብላት አልቻልኩም።

ስሕተትን በሌላ ጽሑፍ ማረም ይቻላል ብሎ ማመን የአስተማሪ በሽታ ነው። ሁለት ቀን ተቀምጬ የሚያወድስ ግጥም አዘጋጀሁለት። ዓርብ ዕለት ወልድያ ወጥቼ ጋራዡ ሄድኩ። መካኒኩ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ተኝቶ ነበር፤ እግሩን እያየሁ አነበብኩለት፦

በቀኝ መስመር ያለው የግራና አንበሳ፣
ሜዳው ተከበረ እሱ ሲነሳሳ።

ከዚያ ከመኪናው ሥር «ጋሼ፣ ይሄማ ለሰርግ ነው!» አለ። «ሙሽራው ማን ነው?»

«እሑድ ይህችን አውጣ። ያቺኛዋን ተዋት።»

ተንሸራቶ ወጣና ተቀመጠ። «ያቺንማ እንዴት ልተዋት? ሕዝብ የያዛትን! ደግሞ ተነሥቼ አንበሳ ነው ብል እኔን ነው የሚሰድቡኝ። ደጋፊ ምርቃት አይቀበልም ጋሼ።»

«ልጁ ክለቡን ሊለቅ ነው።»

«የት አባቱ ይሄዳል! እኛ እኮ ስለምንወደው ነው። ባንወደው እንገጥምበት ነበር?»

ይህንን ሲል ፊቱ ላይ የነበረው የዋህነት እስካሁን ያናድደኛል። ተስፋ ቆርጬ፣ «ግጥሟ የእኔ ነች» አልኩት። «እኔ ነኝ የገጠምኳት። እንድትተዋት የማዝዝህም ለዚህ ነው።»

መፍቻውን ይዞ ሳቀ፤ ሲስቅም ረዳቶቹን ጠራ። «ኧረ ስሙ፣ ጋሼ ግጥሜን ሊወስዱብኝ ነው!» ከዚያ በአክብሮት፣ እንደሚያባብል ሆኖ፣ «ጋሼ፣ ያቺማ የራሴ ናት። በእመቤቴ ያን ቀን ከሆዴ ነው የወጣች። እርስዎንስ ምን አሉ ብዬ ጠይቄዎት የለም? ምንም አላልኩም አሉኝ። ደግሞ አንቱና ስድብ ምን ያገናኛችኋል?» አለኝ።

በገዛ አፌ በራሴ ላይ መስክሬያለሁ። ያን ሁሉ ዘመን ያጠራቀምኩት ዝምታ አንድ ቀን እውነት ለመናገር ስፈልግ ቃሌን ዋጋ አሳጣው።

መናኸሪያ ሄጄ የመርሳ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ አንድ ረጅም ልጅ ተነሥቶ የመስኮቱን ወንበር ለቀቀልኝ። ቀኝ ተመላላሹ ነበር። ጭኑ ላይ ፌስታል አለ፤ በፌስታሉ ውስጥ የማሊያውን ቀለም አየሁ።

«ልትመልሰው ነበር?» አልኩት።

«ቢሮው ዝግ ሆነብኝ። ሰኞ ተብያለሁ» አለ፤ ይህን እንዴት እንዳወቅሁ አልጠየቀኝም። የሚያውቀኝ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ ነው።

ሲሪንቃን እስክናልፍ የምርምር ማዕከሉን የሙከራ እርሻ በመስኮቱ መደብ በመደብ ስቆጥር ቆየሁ። እርሻው ካለፈ በኋላ ግን የማየው ነገር አለቀብኝ።

«ግጥሟን የገጠምኳት እኔ ነኝ» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። «የመካኒኩ አይደለችም?»

«አይደለችም።»

«ጠርጥሬ ነበር» አለ። «የእሱ እንዲህ ቤት አይመታም።»

ይቅርታ ለመጠየቅ ረጅም ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። በምትኩ ምንም መብት ሳይኖረኝ፣ «ግን ለምንድን ነው ሁልጊዜ የምትመልሳት?» አልኩት። የዓመታት ብስጭቴ ነበር፤ ሳይታወቀኝ ወጣ።

ልጁ አልተቆጣም። «አንቱ ከላይ ሆነው የሚያዩት ሜዳ ከታች አይታይም» አለ። «ኳስ እኔ ጋ ስትደርስ ከፊት ያሉት ጀርባቸውን ይሰጡኛል። ወደ እነሱ ሰጥቼ ቢበላሽ ሕዝቡ አብሮ እንዳይዘፍንባቸው ይሸሻሉ። ከስታዲየሙ ሰው ሁሉ በስሜ የሚጠራኝ በረኛው ብቻ ነው። እኔም ለጠራኝ እሰጣለሁ።»

በዚያ ሁሉ እሑድ ያላየሁት ነገር ነበር። ሜዳው ተዘርግቷል ብዬ የገጠምኩት ፈጥሬ ሳይሆን አይቼ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ለእኔስ ግድ የለም። ስድብ ከሥራው ጋር ነው የሚመጣው። ግን ገበያ መሐል የሚዘፈንባት እናቴ ናት። ለእሷ ይንገሯት።» ፌስታሉን አጥብቆ ያዘ። «ከነገሯት እሑድ እገባለሁ።»

በማግሥቱ ገበያ ወደ እናቱ ሄድኩ። ብርቱካኖቿን በጨርቅ እየወለወለች ነበር። ስነግራት እጇ አልቆመም፤ የያዘችውን ጨርሳ ወልውላ ክምሩ ላይ አስቀመጠችና ቀና አለች። እንደ መካኒኩ አልሳቀችም። አመነችኝ፤ ከልጇ ቀጥሎ ያመነችኝ ሰው እሷ ናት። ከዚያም ድምፅዋን ሳትጨምር፣ ጎረቤቶቿ ግን እንዲሰሙ አድርጋ፦

ፊደል የቆጠረ ከሰው የተሻለ፣
የሰው ልጅ ይሰድባል ጥግ ይዞ እየዋለ።

አለችኝ። በራሴ ቤት ነበር የመለሰችልኝ፤ አሥር ቆጥሬ ሳልጨርስ ገጠመችው። አጠገቧ ያሉት ሻጮች እልል አሉ። አንዲቱ ለመልመድ ብላ ደገመችው።

«አወይ ጉዴ» አልኩ።

«ይበቃዎታል» አለች። «ልጄ እሑድ ይሂድ ካሉ ግን አንቱም አፍዎን ይዘው አይቀመጡ። አንዴ ለስድብ ከተናገሩ አንዴ ደግሞ በስሙ ለመጥራት ይናገሩ።» ማንጎዬን መርጣ ሰጠችኝ፤ እንደ ወትሮው ደኅና ደኅናውን።

እሑድ ከለመድኳት ቦታዬ አልተቀመጥኩም። ጋዜጣዬን ይዤ ስታዲየሙን ዞርኩና ቀኝ መስመራችን ወደሚያጠቃበት ጥግ ሄድኩ፤ ልጁ ወደፊት ቀና ካለ የሚያየኝ ቦታ ነው። ከማዶ መካኒኩ እጁን እያውለበለበ «ጋሼ፣ ምን አጠፋን?» ሲል ታየኝ። ልጁ ገብቷል። የመጀመሪያዋ ኳስ እግሩ ላይ ስትደርስ ከማዶ ከበሮው ተመታ፣ ሕዝቡም ግጥሜን አነሣብኝ። አጥቂዎቻችን ልክ እሱ እንዳለው ዞሩ፤ አንዱማ የካልሲውን ጫፍ ማስተካከል ጀመረ።

ተነሣሁና ስሙን ጠራሁ። ክፍል ውስጥ ስም መጥራት ከተውኩ ወዲህ ያልተጠቀምኩበት ድምፅ ነው፤ መጀመሪያ ተሰነጠቀ፣ ደግሜ ስጠራው ወጣልኝ። በዙሪያዬ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ልጁም ቀና አለ። ከመስመሩ ወዲህ ወዲያ ፈለገኝ፤ አገኘኝ፤ መሳቁንም አልጠራጠርም።

ከዚያ ኳሷን በጥንቃቄ፣ ሳይቸኩል፣ ለበረኛው መለሳት።

አጠገቤ የተቀመጠው የማላውቀው ሰው የለውዙን ልጣጭ ጋዜጣዬ ላይ እያራገፈ፣ «እርስዎ ደግሞ ምን ያስጮህዎታል አባቴ? ይሄ እንደሁ አይሰማ!» አለኝ።

«ሰምቷል!» አልኩት በንዴት። «ሰምቶ ነው የመለሳት!»

አልተቀመጥኩም።