ቤታችን ፊልም የተሠራበት ሳምንት

ልጅ እያለሁ ፊልም ላይ የሚያለቅሱ ሰዎች የእውነታቸውን የሚያለቅሱ ይመስለኝ ነበር። ይህን የማጣራት ዕድል ያገኘሁት አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከመሃል ከተማ የመጡ ወጣቶች አቃቂ፣ ከሐዲዱ አጠገብ ያለውን ግቢያችንን ወደዱትና «የቤተሰብ ፊልም እንሥራበት» ብለው አባቴን አስፈቀዱት። አባቴ የወሎ ሰው ነው፤ እንግዳ መመለስ አይሆንለትም።

እናቴን ግን አላማከራትም። እንዴት ብሎ ያማክራታል? ከተኳረፉ ሦስት ሳምንት አልፏቸዋል። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ወደ ጅቡቲ መስመር ሲያዛውሩት እሷን ሳይነግራት እሺ አለ፤ እሷም ወሬውን ከጎረቤት ሰማች። ከዚያ ወዲያ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ሆነ። አንድ ትሪ ከበን እየበላን እናቴ «ሀያት፣ አባትሽን ወጡ ጨው አንሶታል ወይ በይው» ትላለች። ናፍጣ ናፍጣ የሚሸተው አባቴም ከጎኗ ተቀምጦ «ደህና ነው በያት» ይለኛል። እኔም አንገቴን ወዲያና ወዲህ እያዞርኩ አደርሳለሁ።

ፊልም ሠሪዎቹ ሲገቡ ሳሎናችን በገመድና በመብራት ተሞላ። ከጠዋት ፈረቃ እንደተመለስኩ ቦርሳዬን ወርውሬ እነሱ ዘንድ እሮጣለሁ፤ ሰኞ ማክሰኞ መጫወት እንኳ ረስቼ ነበር። መብራቱ ለምን ይሞቃል? ሰውየው ባሏ ካልሆነ ተዋናይዋን ለምን ያቅፋታል? እሷንም «እንባሽ ሽንኩርት ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀችና «አይ፣ የሚያሳዝነኝን ነገር አስባለሁ» አለችኝ። ምን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።

በሦስተኛው ቀን የባልና ሚስቱ ጠብ ጋ ሲደርሱ ሥራው እንቢ አለ። ይጮሃሉ፣ በር በኃይል ይዘጋሉ፤ ዳይሬክተሩ ዮናስ ግን ራሱን ይነቀንቃል። በመጨረሻ አጠገቡ ቆሜ ሲያየኝ «እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ እናንተ ቤት ሰው ሲጣላ እንዴት ነው?» አለኝ። ጠያቂ ብቻ ሆኜ ሰንብቼ ተጠያቂ መሆኔ አኮራኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ እሱም ወረቀቱ ላይ ጻፈው።

በማግስቱ ከሰዓት ተዋናይዋ ትሪው ፊት ተቀምጣ፣ ልጇ ሆና ለምትሠራው ልጅ «አባትሽን ወጡ ጨው አንሶታል ወይ በይው» አለቻት። ካሜራ የያዘው ሰው ሳቁን ዋጠ። እኔ ግን ዞር ስል እናቴ ከማድ ቤት ወጥታ ቆማለች፤ አባቴም ያን ቀን ሥራ ስላልነበረው በሩ ላይ ነበር። ጉዴ ፈላ! የቤት ገመና ያወጣ ልጅ ምን እንደሚጠብቀው አውቃለሁ።

እናቴ ቀስ ብላ ወደ ዮናስ ተጠጋች።

«እንዲህ አይደለም ልጄ» አለችው። «የተቀየመች ሴት እንዲህ አፍጥጣ አታየውም። ደግሞ ብታኮርፍም ሥጋውን ወደ እሱ በኩል ነው የምትገፋለት።»

አባቴ በሩ ላይ እንደቆመ «ዘይነባ» አላት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ስሟን ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። «አይቼዋለሁ እኮ። ሁልጊዜ ወደ እኔ ነበር።»

«ሀያት፣ አባትሽን...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ወደ እሱ ዞረች። «ካየህ ለምን ዝም አልክ?»

«ፈርቼሽ ነዋ።»

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። ተዋናይዋ ደግሞ ካሜራው ሳይቀርጻት እንባዋን ትጠርግ ነበር።

አባቴ ጅቡቲ መመላለሱ አልቀረም፤ ግን ዓመት ብቻ ሠርቶ ሊመለስ ተስማሙ፣ ተመለሰም። ፊልሙ ሳሪስ ሲታይ ሦስታችንም ሄድን። የትሪው ቦታ ሲመጣ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ እነሱ ግን አልሳቁም፤ አባቴ እጇን ያዛት።

ዛሬ ቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከባሌና ከልጄ ጋር እኖራለሁ። እኛ ስንኳረፍ ማንም አይሰማም። እሱ በስልኩ ይጽፍልኛል፣ እኔም ከመኝታ ቤት እመልስለታለሁ፤ ልጃችን በመሃል የምታደርሰው ነገር የለም። ከዚህ ሸክም ስላዳንናት ደስ ይለኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን እንዲያው ኩርፊያ ላይ ሳለን የቤት ሥራዋን እየሠራች ቀና አለችና «እማዬ፣ አንቺና አባዬ ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?» አለችኝ።

ስልኬን አስቀምጬ፣ ከወዲያኛው ክፍል ባሌን በስሙ ጠራሁት።