የፀሐይ አመድ

ሰሞኑን ጤና ጣቢያ ሚዛን ላይ ብወጣ ነርሷ ቁጥሩን አየችና «እናቴ፣ በጣም ቀንሰዋል እኮ! ምን ሆነው ነው?» አለችኝ። «ፀሐይም በየቀኑ ትቀንሳለች፤ ሂጂና እሷን ጠይቂያት» አልኳት። ምስኪን፣ ደነገጠች። እኔ ግን ይህን ስል የቀኝ መዳፌ ጠባሳ በላኝ፤ ኮኪት የምትባል የቆላ ከተማና ደሴ የሚባል ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

ኮኪት የሄድኩት በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ገና ከኮሌጅ እንደወጣሁ፣ ፊዚክስ ላስተምር ነው። ሙቀቱን ተዉት! ቆርቆሮው ክፍል ውስጥ ጠመኔው በላብ ከእጄ ይሟልጭ ነበር። ጥቅምት ሲገባ ሰሊጡ ይደርስና ጎጃሙም ወሎውም ለአጨዳ በአይሱዙ እየተጫነ ይመጣል፤ ያኔ በከተማው መተላለፊያ አይገኝም።

ደሴ ተማሪዬ ነው ልበል እንጂ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አያንስም። ፀጉሩን አጎፍሮ ነበር የሚመጣው። ልቆጣው ስል ባልደረቦቼ «ተይው፣ የአባቱ ደም አለበት» አሉኝ። አባቱን የገደለውን ሰው ሳይገድል ላይላጭ ምሏል። እናቱም የምትጠብቀው ይህንኑ ነው።

አንድ ቀን ስለ ከዋክብት ሳስተምር እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ፀሐይ ይህን ሁሉ ዘመን ከነደደች አመዷ የት አለ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔን ግን ጥያቄው ደስ አሰኘኝ። ፀሐይ እንደ እንጨት አትነድም አልኩት። ሆዷ ውስጥ ሃይድሮጅኑ እየተዋሐደ ሂሊየም ሲሆን ከክብደቱ ጥቂት ይጎድላል፤ ያ የጎደለው ነው ብርሃንና ሙቀት ሆኖ የሚወጣው። በየሰከንዱ በሚሊዮን የሚቆጠር ቶን ትቀንሳለች፤ ሌሎቹ ከዋክብትም እንደዚሁ።

«ታዲያ የሄደውን ማን ይመልስላታል?»

«ማንም» አልኩት። ተቀመጠ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከአንድ ሐጂ ሱቅ በር ላይ ለሻይ የሚፈላ ከርከዴ እየገዛሁ ሳለ አንድ አይሱዙ መጥቶ ቆመ። ሠራተኞቹ እየዘለሉ ይወርዳሉ። ማዶ የቆመው ደሴ ከመካከላቸው አንዱን አየና ደረቀ። ከዚያ ማጭድና ገጀራ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ሸራ ላይ ገጀራ አፈፍ አደረገ።

«የአባቴ ደም!»

የአባቱ ገዳይ ክንዱን ቢያነሳ ገጀራው እስከ አጥንቱ ከፈለው። ደሙ የሱቁ ግድግዳ ላይ ተረጨ። የሰውየው ጓደኞች ደሴን በዱላ ይቀጠቅጡት ጀመር፤ ራሱ ተፈነከተ፣ ጥርሱ ረገፈ፣ እሱ ግን ምንም አይሰማውም። የወደቀውን ሰው አንገቱን ሊመታ ገጀራውን እንደገና አነሳ።

እንግዲህ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ከርከዴውን በትኜ መሃላቸው ገባሁ። ሐጂ ከኋላዬ «አንቺ ልጅ፣ ተመለሽ! ለገላጋይ ደም የለውም!» እያሉ ይጮሃሉ። እውነታቸውን ነው፤ ገላጋይ ቢሞት ካሳም የለው፣ ተበቃይም የለው። እጄን ዘረጋሁ። ገጀራው መዳፌ ላይ አረፈ።

ደሴ እጄን አየ፣ ፊቴን አየ። «ቲቸር?» አለ። ገጀራውን ጣለው።

እኔን የወሰዱኝ ክሊኒክ አንድ ክፍል ብቻ ስለነበረው ፖሊሶች እሱንም አስረው እዚያው አመጡት። ደመኛው መጋረጃ ጀርባ ያቃስታል። ሐኪሙ የደሴን ቁስል ለመስፋት ዙሪያውን ልላጭ ቢለው «ፀጉሬን ከምትነካ ልሙት!» ብሎ ደነፋበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ቲቸር፣ ወንድም አለዎት?»

«ሦስት አሉኝ።»

«የእርስዎን ደም ማን ይመልሳል?»

«ማንም። ሐጂ ያሉትን አልሰማህም? እዚህ ያበቃል።»

አፉ ደም እንደሞላ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ቆየና ሐኪሙን «ላጨኝ» አለው። «ሁሉንም።»

እናቱ ሳይገድል መላጨቱን ስትሰማ «እኔ ወንድ አልወለድኩም» ብላ ካደችው። እሱ እስር ቤት ሳለ ታናሽ ወንድሙ ያንን ሰው አብርሃ ጅራ ከተማ ላይ ገደለው፤ ወንድሙንም የሰውየው ዘመዶች ገደሉት። የእነ ደሴ ቤት ጠፋ። ደሴ የጠየቀኝን አመድ ያየሁት እናቱን ልቀብር የሄድኩ ቀን ነው፤ እሳት የሚያነድ ሰው ያልቀረበት ምድጃ።

እኔም ይኸው ቀንሻለሁ። ዕድሜዬ ጠመኔና ጩኸት ሆኖ ወጣ፤ የሚመልስልኝ የለም፣ አልጠይቅምም። ደሴ አሁን ሽንፋ በሚባል ቆላ ሰሊጥ ያርሳል። አራት ወንዶች ልጆች አሉት፤ ፀጉራቸው ትንሽ ካደገ እንቅልፍ አይወስደውም አሉ፣ ራሱ ነው የሚላጫቸው።