ጳጉሜ ስድስትን ለማስገባት

ትልቋን ደንበኛዬን ያጣሁት በዋጋ አይደለም፤ በካላንደር ነው።

ስዊዘርላንድ፣ ሻትሌን የሚባል ሰፈር ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ጤፍ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። እትዬ የምላቸው ደንበኛ ከከተማው ወዲያ ማዶ፣ ቶኔ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። እሳቸው አንድ ሱቅ ከወደዱ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ግማሹ ይከተላቸዋል። ከጠሉም እንደዚያው።

ነገሩ የጀመረው የአገራችንን ቀን የሚያሳይ የስልክ ፕሮግራም አግኝቼ ለገባው ሰው ሁሉ መጫን ስጀምር ነው። በነጻ የሚታደል ነው። እኔ በነጻ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፤ መርካቶ ያደገ ሰው "በነጻ ነው" ሲሉት መጀመሪያ ኪሱን ይዳብሳል። ይሄኛው ግን እውነትም ነጻ ነበር። ደግሞ ስልኩ ላይ እስክጭንለት ድረስ ደንበኛው መደርደሪያዬን ሲያይ ይቆያል፤ ለእኔ ያ በቂ ነው።

ለእትዬም ጫንኩላቸው። ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዓመት ላይ ታዲያ ፕሮግራሙ አምስት ላይ ቆመና በማግስቱ እንቁጣጣሽ ነው አለ። እትዬ በማለዳ ተነስተው አዲስ አበባ ደወሉ። እህታቸው፣ የእህታቸው ልጆች፣ የድሮ ጎረቤት፣ የቀረ የለም። "እንኳን አደረሳችሁ!" እዚያ ያሉት ገና ዶሮ ሊገዙ እየወጡ ነበር። "ምነው እትዬ፣ ዘመኑ ስዊዘርላንድ ቀድሞ ገባ እንዴ?" እያሉ ሲስቁባቸው ዋሉ።

ከበዓሉ በኋላ ሱቄ መጡ። አልተቀመጡም።

"አንተ ልጅ፣ አንድ ቀን በላህብኝ።"

"እትዬ፣ እኔ እኮ አልሠራሁትም።"

"የሸጥክልኝ አንተ ነህ።"

"አልሸጥኩም፣ በነጻ ነው የሰጠሁት።"

"እሱ ነው የባሰው! ይሄ ነገር እስኪስተካከል እግሬ እዚህ አይረግጥም።"

አልረገጠምም። ከዚያ ወዲህ ከትራሙ ኦ ቪቭ የሚባል ሰፈር ላይ እየወረዱ እዚያ ካለው ተፎካካሪዬ መግዛት ጀመሩ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው።

ዙሪክ የምትኖር የሚስቴ እህት አለች፤ ሥራዋ ኮድ መጻፍ ነው። ጴንጤ ናት፤ ስትቀልድ ግን ለማንም ምሕረት የላትም። ዕቃ ላመጣ ዙሪክ በሄድኩበት ቅዳሜ ችግሬን ነገርኳት። ኮምፒውተሯን ከፍታ ፈለገችና፣

"ጋሼ፣ እድለኛ ነህ" አለችኝ። "ኦፕን ሶርስ ነው። ኮዱን ማንም ማየት ይችላል። ቅጂ ትወስዳለህ፣ ቅጂህ ላይ ታርማለህ፣ ከዚያ 'ይሄን ተቀበሉኝ' ብለህ ትልካለህ። ባለቤቱ ካመነበት ከዋናው ጋር ይቀላቅለዋል።"

"ባለቤቱ ማነው?"

"እዚሁ ዙሪክ ያለ ስዊስ ነው።"

"ገባኝ። ገበያ ነው።"

"ገበያ አይደለም።"

"ሁሉም ገበያ ነው።"

የምፈልገው ጳጉሜ ስድስትን ብቻ ነበር። ግን የሚፈልገውን ብቻ የሚጠይቅ ነጋዴ የት አለ? ስንደራደር የምለቀው ነገር እንዲኖረኝ ሌላም ጨመርኩ፦ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ይሁን፣ ፊደሉ ይተልቅ፣ ቀለሙ አረንጓዴ ይሁን፣ የፈረንጅ በዓላት ይውጡ። እሷ ኮዱን እየጻፈች ታጉረመርማለች።

"መመሪያው 'አንድ ጥያቄ፣ አንድ ለውጥ' ይላል እኮ።"

"የኔም ሱቅ ግድግዳ 'ዱቤ ክልክል ነው' ይላል።"

ላክን። ሰውየው መልስ ሰጠ፦ "አመሰግናለሁ። አምስት የማይገናኙ ነገሮች ስለሆኑ እንዲህ ሆነው ልመረምራቸው አልችልም። ጥያቄውን ዘግቼዋለሁ።"

ደስ አለኝ። ገዢ ጥሎ ሲሄድ አትጠራውም፤ ማዞሪያው ጋ ሲደርስ ራሱ ይመለሳል። ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ሳምንት አለፈ። ሰውየው ለካ ማዞሪያውን አልፎ፣ ትራም ተሳፍሮ ቤቱ ገብቷል።

ስለዚህ ሽማግሌ ላክሁበት። ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ ሚዛን እንዲጠበቅ ደግሞ ከሚስቴ እህት ጉባኤ አንድ ፓስተር። ሦስቱም አካውንት ከፍተው ከተዘጋው ጥያቄ ሥር ጻፉ። "ወንድማችን አጥፍቶ ከሆነ ስለ እኛ ብለው ይቅር ይበሉት" አሉት ሁለቱ። ፓስተሩ ቤተሰቡን ባረከለት። ባለቤቱ ውይይቱን ቆለፈው።

የሚስቴ እህት ስትደውልልኝ ከሳቋ የተነሳ መናገር አቅቷት ነበር። "ጋሼ... ሰውየው እኮ... አጭበርባሪ የወረረው መስሎታል!"

ሳቋ ሲበርድላት ድምጿ ተለወጠ። "አሁን ስማኝ። ይሄ ሰው ያንተን ጥያቄ የሚያነበው ፋይራቤንድ ሲሆን ነው፤ ከሥራው ወጥቶ፣ ደክሞት። አንድ ሳንቲም አያገኝበትም። ያን ሁሉ ስትከምርበት ዕረፍቱን ነው የወሰድክበት።"

"ለድርድር ብዬ እኮ ነው።"

"ስጦታ ይዘህ ሰው ቤት ሄደህ፣ በር ላይ ትደራደራለህ?"

ይሄኛው ገባኝ።

በቀጣዩ ቅዳሜ እንደገና ዙሪክ ሄድኩ። አዲስ ጥያቄ ከፈትን፤ ጳጉሜ ስድስት ብቻ። ባለፈው አብዝቼ ነበር፣ ይሄ አንድ ነው፣ ሽማግሌ የለም ብዬ አስጻፍኩ። ሰውየው ቶሎ መለሰ። "ስድስት የምትሆነው መቼ መቼ ነው?"

እኔ እንዳልኩት ተጻፈ፦ "በሉቃስ ማብቂያ።"

"ሉቃስ ማነው? በሥራው ካለበት እሱንም እዚህ ጥሩት።"

የሚስቴ እህት ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ዘመኑ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እየተባለ እንደሚዞር፣ ሉቃስ በየአራት ዓመቱ እንደሚመጣ ቀና ብላ አስረዳችው። ሰውየው ወደደው። ግን በቃል ብቻ አልተቀበለንም፤ ቴስት ጻፉለት አለ። ቴስት ኮዱን የሚፈትን ትንሽ ኮድ ነው፦ "በሉቃስ፣ የጳጉሜ አምስት ማግስት ማን ናት?" ብሎ ይጠይቃል። በድሮው ኮድ ስናስኬደው ቀይ አበራ፤ በእኛው አረንጓዴ። ይሄን ነገር ከሁሉም አብልጬ ወደድኩት። ደንበኛ ፊት የሚቀመጥ ሚዛን ማለት ነው፤ እመነኝ፣ ልማልልህ፣ የሚባል ነገር የለም።

ሰውየው አንዲት መስመር አሳረመን፣ "ዳንከ" ብሎ አመሰገነና ከዋናው ጋር ቀላቀለው። በሕይወቴ ማንም ሳይምል ያለቀ ንግድ ያ የመጀመሪያው ነው።

አዲሱ ፕሮግራም ሲወጣ እትዬ ጋ ደወልኩ። በሦስተኛው ልመናዬ መጡ፤ ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነበር። ስልካቸውን ተቀብዬ ፕሮግራሙን አደስኩላቸውና ቀኑን ወደሚመጣው ሉቃስ ማብቂያ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው ቆጠሩ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ስድስት ላይ ጣታቸው ቆመ።

"ይቺን አንተ ነህ ያስገባሃት?"

"ከሰው ጋር ሆኜ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ካስገባህ አይቀር ሰዓቱንም በእኛ አድርግልኝ። ፊደሉንም አተልቅልኝ እስቲ፣ ዓይኔ ነው። ደግሞ ይሄ ሁሉ የፈረንጅ በዓል ለኔ ምኔ ነው?"

ለድርድር ብዬ የጨመርኩትን ነው የሚጠሩልኝ። ያስቀሩት ቀለሙን ብቻ ነው።

"እትዬ፣ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ለውጥ ነው ደንቡ።"

"ማን ነው ያለው?"

"ዙሪክ ያለ ሰውዬ።"

"እንግዲያው ከሰዓቱ ጀምር" አሉና ዘንቢላቸውን ከፍተው ወደ በርበሬው ሄዱ።