ዘጠኙ የተከፈቱ ደብዳቤዎች

ዋልቡርጋ ሽቴንሰል ደብዳቤ አዳይ የሆነችው የመንደሩ ወንዶች ለጦርነት ስለዘመቱ ነው። በሃርዝ ተራሮች ግርጌ ያለችው ፖስታ ቤት ለሴት የሚሆን የደንብ ልብስ ስላልነበራት፣ የቀድሞውን አዳይ ካፖርት አሳጥራ ለበሰች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም። እጮኛዋ ኤካርት በወጣትነቱ ሀምቡርግ መርከብ ሊሠራ ሄዶ ድምፁ ጠፋ፤ መንደሩም ከዚያ ወዲህ "የተተወችው" ይላታል።

በጦርነቱ ሦስተኛ ዓመት፣ አሮጌው የደብዳቤ መደርደሪያ ለማገዶ ሲፈረስ ከጀርባው ዘጠኝ ደብዳቤዎች ወደቁ። ሁሉም ኤካርት ለእሷ የጻፋቸው፣ ሁሉም የተከፈቱ። የመጨረሻው "ዝምታሽን እንደ መልስ ቆጥሬዋለሁ" ይላል።

ያኔ የፖስታ ቤቱ ሹም አቶ ግሩልከ ነበሩ። ልጃቸው ቮልፍራም ሊያገባት ጠይቆ እምቢ ብላው ነበር። አሁን ጡረታ ወጥተው፣ ቮልፍራም ከግንባር የሚልከውን ደብዳቤ በየጠዋቱ ደጃፋቸው ቆመው ይጠብቃሉ።

በማግስቱ የቮልፍራም ደብዳቤ መጣ። ካፖርቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

"ለእኔ የለም እንዴ፣ ልጄ?"

"የለም፣ አቶ ግሩልከ።"

አሥራ ሁለት ቀን "የለም" አለቻቸው። ሽማግሌው እህል አልዋጥ አላቸው፤ ጉንጫቸው ጎደጎደ። እሷ ግን ባየቻቸው ቁጥር አንጀቷ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን የዳቦ ሰልፍ ላይ አገኘቻቸው።

"ዛሬ አለልዎት። ዘጠኝ!"

በደስታ እጃቸውን ዘረጉ። ጽሑፉን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ያንብቡልኝ እንጂ! አንዴ አንብበውታል፣ አይከብድዎትም።"

"ዋልቡርጋ፣ አርጅቻለሁ…"

"እኔንስ ማን አስረጀኝ?"

"ያንብብ!" አለች የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ከመሸጫው ባንኮኒ ኋላ።

የመጀመሪያውን አነበቡ። ሁለተኛው ላይ ማንበብ አቁመው ወረቀቶቹን መለሱላት። ያን ጊዜ የቮልፍራምን ደብዳቤ ደረታቸው ላይ ለጠፈችው።

"የልጅዎ ነው፤ እኔው ነኝ ያቆየሁት። አልከፈትኩትም ግን።"

"ትከሰሻለሽ!"

"ይክሰሱኛ! አብረን እንቀርባለን።"

አልከሰሱም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በመንደሩ ሰላም የሚላቸው ጠፋ።

በጸደይ ቮልፍራም አንድ እግሩን አጥቶ ተመለሰ፤ በምርኩዝ እየተራመደ ደጇ መጣ።

"አባቴ ታሟል። ይቅር በይው፣ ዋልቡርጋ።"

"አንተ ምንም አላደረግከኝም፤ ግባና ተቀመጥ፣ ድንች ቀቅያለሁ" አለችው። "እሱን ግን አልምረውም። ሄደህ እንደዚያ ብላለች በለው።"